ከሊበን እስከ ጅግጅጋ፦ ለአንዲት ወፍ ስንት ስም ይበቃታል?

(በወፍ ወዳጆች የወር ስብሰባችን ላይ ያደረግኩት ንግግር ነው። ከአንዳንድ «እእ» በስተቀር ያወጣሁት ነገር የለም። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን አመሻችሁ! ከኋላ ያላችሁ ይሰማል? እሺ፣ ጥሩ።

በመጀመሪያ ስለመጣችሁ በጣም አመሰግናለሁ። ባለቤቴ ጠዋት «ዛሬ ስለ ምንድን ነው የምታወራው?» አለችኝ። «ስለ ላርክ» አልኳት። «ላርክ ደግሞ ምንድን ነው?» «ሜዳ ላይ የምትኖር ትንሽ ቡናማ ወፍ ናት።» ትንሽ ዝም አለችና «እና ለእሷ ሰው ይሰበሰባል?» አለች። ይኸው ተሰብስባችኋል! ቆይ፣ ፎቶ ላንሳችሁና ልላክላት። ... እሺ፣ ሄደላት።

ዛሬ ሦስት ነገር ነው የማወራው። አንደኛ፣ ላርክ ምን ዓይነት ወፍ ናት? ሁለተኛ፣ ማን ከማን ይዛመዳል? ሦስተኛ፣ የት የት ይኖራሉ? ሦስተኛው ላይ ስደርስ ሊበን ሜዳ ላይ ቆሜ እንደምቀር ራሴን አውቀዋለሁ። ሰዓት የያዝሽው እህቴ፣ እባክሽ ያኔ እጅሽን አንሺልኝ።

ወደ አንደኛው ልግባ።

እኔ ያደግኩት ደብረ ብርሃን አካባቢ በግ ስጠብቅ ነው። ለእኛ ለእረኞች ወፍ ማለት ቁራ ነው፣ ጭልፊት ነው፣ ጅግራ ነው፣ እርግብ ነው። የቀረው ሁሉ ድንቢጥ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ጤዛው ሳይረግፍ በጎቹን እየነዳሁ ስሄድ ከእግሬ ሥር አንዲት «ድንቢጥ» ብር ብላ ተነሳች። ጎንበስ ብዬ ሳይ በሳር ጉቶ ጥግ ትንሽ ጉድጓድ አለች። ደረቅ ሳር ተነጥፎባታል። ውስጧ ሁለት እንቁላል። አፈር የተረጨባቸው ይመስላሉ፤ ዓይኔን ካነሳሁ መልሼ አላገኛቸውም።

እና ምን አደረግኩ መሰላችሁ? እንዳይጠፋብኝ ብዬ አንድ እንጨት አጠገቡ ተከልኩ። በማግስቱ ስመጣ እንጨቱ አለ፣ እንቁላሎቹ የሉም። ቁራ ይሁን ውሻ አላየሁም። እንጨቱን ግን የተከልኩት እኔ ነኝ።

ያቺ ወፍ ድንቢጥ እንዳልነበረች ያወቅኩት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው። ላርክ ነበረች።

ታዲያ ላርክን ላርክ የሚያሰኛት ምንድን ነው? ቡናማነቷ ነው እንዳትሉኝ። ቡናማ ወፍማ ሞልቷል። እግሯን እዩ። የአብዛኞቹ ዘማሪ ወፎች ቅልጥም በስተኋላ ቀጭን ጠርዝ አለው፣ ልሙጥ ነው። የላርክ ግን ድቡልቡል ነው፣ በስተኋላም ቅርፊት ቅርፊት አለው። ከዚያ የኋላ ጣቷን ተመልከቱ። የብዙዎቹ ጥፍር ረጅም ነው፣ መሬት ላይ ለሚራመድ የተሠራ ነው። ሌላው ዘፈኗ ነው። ሜዳ ላይ ዛፍ የለም። ዛፍ ከሌለ የት ቆሞ ይዘፈናል? ሰማይ ላይ! ወንዱ ሽቅብ ይወጣል፣ እዚያው እየተርገበገበ ይዘፍናል፣ ከዚያ እንደ ድንጋይ ቁልቁል ይወርዳል። ሱሉልታ ሜዳ ላይ ቆማችሁ ዘፈን እየሰማችሁ ወፍ ካጣችሁ፣ አንገታችሁን ቀና አድርጉ።

በዓለም ላይ ወደ 100 የሚጠጉ የላርክ ዝርያዎች አሉ። አብዛኞቹ የእኛው አህጉር ልጆች ናቸው። መላው አሜሪካ፣ ከአላስካ ጀምሮ፣ በተፈጥሮ ያለው አንድ ዝርያ ብቻ ነው፣ ባለቀንዱ ላርክ። እሱም ደቡብ አሜሪካ ውስጥ ኮሎምቢያ ደጋ ላይ ብቻውን ተነጥሎ ይገኛል። አውስትራሊያም የራሷ የምትለው አንድ ብቻ ነው። አፍሪካ ግን ከሰሃራ አሸዋ እስከ ደቡብ አፍሪካ ደጋ ድረስ የላርክ አገር ናት። በእግር ኳስ ያልሆነልን በላርክ ሆኖልናል!

እሺ። ሁለተኛው ነጥብ። አመዳደቡ። እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚጣፍጠው፣ ወይም የሚያሳብደው።

የላርክ ቀለም የሚከተለው ዘመዱን ሳይሆን አፈሩን ነው። ቀይ አፈር ላይ ያለው ቀላ ይላል፣ ነጭ አሸዋ ላይ ያለው ይገረጣል። ዮርዳኖስ ውስጥ ጥቁር የባዛልት ድንጋይ በተነጠፈበት በረሃ ያለው የበረሃ ላርክ ጥቁር ነው ማለት ይቻላል፤ ትንሽ ራቅ ብሎ ያለው ወንድሙ አሸዋ ይመስላል። ያው አንድ ዝርያ ናቸው። ምንቃሩም የሚከተለው ምግቡን ነው። ጥሬ የሚሰብረው ይወፍራል፣ አፈር የሚቆፍረው ይረዝማል። እንግዲህ በቀለምና በምንቃር ዘመድ ልትቆጥሩ ተነሱ! ሁለት ሰዎች ጋቢ ስለለበሱ ብቻ ወንድማማች ናቸው እንደማለት ነው።

ከመቶ ዓመት በላይ ግን ሥራው የተሠራው እንዲሁ ነበር። በ2013 ስዊድናዊው ፔር አልስትሮምና ባልደረቦቹ የላርክን ቤተሰብ በዲ ኤን ኤ ፈተሹት። ቤተሰቡ ሦስት ትልልቅ ቅርንጫፎች ሆኖ ተገኘ። ዘመድ የተባሉ ባዕድ ሆኑ፣ ባዕድ የተባሉ ዘመድ ሆኑ። ማንንም ያልመሰለ ሁሉ የሚከተትበት «ሚራፍራ» የሚባል ትልቅ ጂነስ ነበር፤ ጂነስ ማለት የቅርብ ዘመድ የሆኑ ዝርያዎች የሚመደቡበት ክፍል ነው። እንደ ቤታችን መሳቢያ ነው፤ ቁልፍም፣ የስልክ ቻርጀርም፣ የድሮ ደረሰኝም እዚያው። በ2023 መሳቢያው ተራገፈና አራት ጂነስ ወጣው፦ ሚራፍራ፣ ኮሪፋ፣ አሚራፍራ፣ ፕሎሴአላውዳ። ስሞቹን አትያዙ፣ ፈተና የለውም።

ወደ ቤታችን ልመልሳችሁ። ያቺ እንቁላሏን ያስበላሁባት ወፍ የኤርላንገር ላርክ ትባላለች። አናቷ ቀላ ያለ ነው፣ ደረቷ ግራና ቀኝ ጥቁር ምልክት አለው። ካርሎ ፎን ኤርላንገር ከ1899 ጀምሮ አገራችንን የዞረ ጀርመናዊ ነው። አብሮት የነበረው ኦስካር ኖይማን በ1906 ወፏን በስሙ ጠራት። እንግዲህ አስቡት፣ ደብረ ብርሃን ሜዳ ላይ ከበግ ጋር የምትውል ወፍ፣ ስሟ ኤርላንገር!

በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። እኔ በአስጎብኚነት ሥራዬ የገዛኋቸው ሦስት የወፍ መጻሕፍት አሉኝ። አንዱ ከደቡብና ምሥራቅ አፍሪካው ባለቀይ አናት ላርክ ሥር ያስገባታል። ሁለተኛው ከብላንፎርድ ላርክ ሥር። ሦስተኛው ራሷን የቻለች፣ በእኛ ደጋ ብቻ የምትኖር ዝርያ ናት ይላል። ብላንፎርድን ታውቁታላችሁ? በ1868 መቅደላ ድረስ ከመጣው ከናፒየር ጦር ጋር አብሮ የመጣው የድንጋይ ሊቅ ነው። ጦሩ ለአፄ ቴዎድሮስ መጣ፣ እሱ ድንጋይና ወፍ ሲለቅም ከረመ። እና እንግዳ «ይህቺ የኢትዮጵያ ብቻ ናት?» ብሎ ሲጠይቀኝ ምን ልበል? «የትኛውን መጽሐፍ ነው የያዝከው?» ነው የምለው።

ይህ የስም ጨዋታ ብቻ የሚመስለው ካለ፣ የደጎዲዋን ላርክ ልንገራችሁ። በ1975 ክርስቲያን ኤራር የተባለ ፈረንሳዊ የወፍ ሊቅ ከደቡብ ኢትዮጵያ ሁለት አዳዲስ የላርክ ዝርያዎችን ለዓለም አስተዋወቀ። አንዷ በቦቆልማዮ አካባቢ ያገኛት የደጎዲ ላርክ ናት። ሁለተኛዋን ቆይተን እናገኛታለን። የደጎዲዋ ላርክ በዓለም ላይ እዚያች ጥግ ብቻ የምትገኝ ተባለች። ተባለች ማለት ሰው ከውጭ ይመጣላታል ማለት ነው። እኔ ራሴ አንድ ሽማግሌ እንግዳ ይዤ ሄጃለሁ። አቧራው፣ ሙቀቱ፣ ሁለት ጊዜ የፈነዳው ጎማ! በመጨረሻ አየናት። ሰውዬው ዝርዝሩ ላይ ምልክት ሲያደርግ እጁ ተንቀጥቅጧል።

ከዚያ የዘረመል ምርመራ መጣ። የደጎዲዋ ላርክ ከ1895 ጀምሮ ከምትታወቀው ከጊሌት ላርክ የምትለይ አይደለችም ተባለ። ከዝርዝር ተሰረዘች። ሰውዬው «አንድ ወፍ ሰርቀኸኛል» ብሎ ኢሜይል ጻፈልኝ። «ወፏ እዚያው አለች፣ የጠፋው ስሟ ነው» ብዬ መለስኩለት። እስከ ዛሬ አልመለሰልኝም።

ሦስተኛው ነጥብ። የት ይኖራሉ? እህቴ፣ ተዘጋጂ።

ሁሉንም አልዘረዝርም። ባጭሩ፦ ደጋው ላይ የኤርላንገርና የቴክላ ላርክ አሉ፤ ቴክላ ያቺ ጉትያ ያላት፣ መንገድ ዳር የምታዩዋት ናት። አፋር ወርዳችሁ ምንቃሯ ቆልመም ያለ፣ ሮጣ የማትደክም ረጅም እግር ላርክ ታገኛላችሁ። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ድንቢጥ የሚመስሉ ላርኮች አሉ፤ የእነሱ ወንዶች ቡናማነት ሰልችቷቸው ጥቁር ለብሰዋል።

አሁን ሊበን።

ነገሌ ቦረና የሄደ አለ? እጅ! ... አራት ሰው። ጥሩ። ከከተማዋ ወጣ ስትሉ ግራርና ቁጥቋጦው በድንገት ያልቅና ሜዳ ይከፈታል። ያ ሊበን ሜዳ ነው። የኤራር ሁለተኛዋ ወፍ የተገኘችው እዚህ ነው። ናሙናዋ የተወሰደው በ1968፣ ስም የወጣላት በ1975። ሲዳሞ ክፍለ ሀገር ስለነበር «ሲዳሞኤንሲስ» ተባለች። እኛ የሊበን ላርክ እንላታለን።

መልኳን ልንገራችሁ። ጭንቅላቷ ከሰውነቷ ጋር አይመጣጠንም፣ ትልቅ ነው። አንገቷ ቀጭን። ጅራቷ አጭር፣ የተቆረጠ ይመስላል። ቀጥ ብላ ቆማ በሳሩ መሃል ስትሄድ ትንሽ ድርጭት ናት የምትመስለው። ስታያችሁ አትበርም፤ ሳሩ ውስጥ ትሮጣለች። በቃ፣ የለችም።

እኔ መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ ተዋርጃለሁ። ሦስት እንግዶች ይዤ ነበር። ሁለት ሰዓት ሙሉ ፈልገን፣ ፀሐይ እየከረረ፣ አንዷን አየሁና «ያውላችሁ!» አልኩ። ፎቶ አነሱ፣ ተቃቀፉ፣ ማታ ሆቴል ቢራ ጋበዙኝ። እራት ላይ አንዷ እንግዳ ፎቶዋን አጉልታ አየችና ዝም ብላ ካሜራውን ወደ እኔ ገፋችው። ጅራቷ ረጅም ነው። ጭንቅላቷ ትንሽ ነው። እዚያው ሜዳ ላይ እንደ ልብ የምትገኘው የሶማሌ አጭር ጣት ላርክ ነበረች። ቢራው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። በማግስቱ ከጎህ በፊት ተመልሰን፣ ወንዱ ከሳሩ ተነስቶ ሲዘፍን አገኘነው። ቢራውን ግን በዚያኛው ቀን እኔ ከፈልኩ።

ለምንድን ነው ይህቺ ወፍ እንዲህ የምታነጋግረው? ምክንያቱም ያኔ የምትታወቅበት መሬት በሙሉ ያ ሜዳ ነበር፣ ያውም የሜዳው ከፊሉ። ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር ያነሰ። አዲስ አበባ ብቻ ከ500 በላይ ናት! ክሌር ስፖቲስውድ የተባለች ደቡብ አፍሪካዊት ተመራማሪ ከእኛዎቹ ከመንግሥቱ ወንድአፍራሽ፣ ከይልማ ደለለኝ እና ከሌሎች ጋር ሆና ያጠናችው በ2009 ታተመ። የቀሩት አዋቂ ወፎች ከ90 እስከ 256 ይሆናሉ ይላል። ከ2007 እስከ 2009 ባለው ጊዜ ብቻ በቆጠራው መስመር ላይ የታዩት ወፎች በ40 በመቶ ቀንሰዋል። ሴቶቹ ደግሞ በቁጥር ከወንዶቹ ያነሱ ናቸው። በዋናው የአፍሪካ ምድር ጠፋ ተብሎ የሚመዘገበው የመጀመሪያው ወፍ ይህ ሊሆን ይችላል ብለው አስጠነቀቁ። የመጀመሪያው! ዝሆን የሚታደንበት፣ ደን የሚጨፈጨፍበት አህጉር ሆኖ፣ ቀድሞ የሚጠፋው የሜዳ ወፍ።

ምን ሆነ ሜዳው? አዳኝ አልመጣም፣ ፋብሪካም አልተተከለም። ሳሩ ነው ያለቀው። አርብቶ አደሩ አንድ ቦታ እየረጋ ሄደ፣ ከብቱም ዓመቱን ሙሉ እዚያው ይግጣል። ሜዳው ጫፍ ጫፉ እየታረሰ በቆሎና ስንዴ ተዘራበት። ሌላም አለ። ድሮ ቦረናዎች ሳር ሲያረጅ በእሳት ያድሱት ነበር። እሳት ተከለከለ። እሳት ሲቀር ቁጥቋጦው ከየጥጉ ወደ ሜዳው ገባ። «ዛፍ በቀለ፣ እሰይ!» ልትሉ ነው? ለዚህች ወፍ ዛፍ ማለት ቤቷ መሃል ግድግዳ መሥራት ነው። እኛ አገር ተፈጥሮ ሲባል ትዝ የሚለን ደን ነው። ሜዳ ስናይ «ባዶ መሬት» እንላለን። ማነው ባዶ ያለው? እስኪ ማነው ባዶ ያለው?

አሁን ወደ ሌላኛው ጫፍ፣ ወደ ምሥራቅ ልውሰዳችሁ። ጂኦፍሪ አርቸር የብሪታንያ ሶማሌላንድ ገዢ ነበር። ወፍ ይሰበስባል። ከ1918 ጀምሮ ከድንበሩ አጠገብ፣ ቶጎ ውጫሌ ሜዳ ላይ፣ ማንም የማያውቃት ላርክ አገኘ። ቶጎ ውጫሌ ሲባል ዛሬ ኮንትሮባንድ እንጂ ወፍ ትዝ የሚለው የለም፣ አይደል? በ1920 ስቲቨንሰን ክላርክ «አርቸሪ» ብሎ ሰየማት። ከ1922 በኋላ ግን የአርቸርን ላርክ ያየ ጠፋ። ሰዎች እየተመላለሱ ፈለጓት። ሜዳው ታርሷል፣ ሰው ሰፍሮበታል። የለችም።

ከዚያ ጅግጅጋ አካባቢ፣ በእኛ በኩል፣ የሊበኗን የምትመስል ላርክ ተገኘች። ማን ናት? ከሊበን 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። አዲስ ዝርያ ናት? የሊበኗ ናት? ወይስ ያቺ የጠፋችው የአርቸር ወፍ?

ዘጠና ዓመት ገደማ በሙዚየም መሳቢያ ከተኙት ከአርቸር ወፎች ዲ ኤን ኤ ተወሰደ። ከሊበንና ከጅግጅጋ ወፎች ጋር ተነጻጸረ። መልኩም፣ መጠኑም፣ ድምፁም ታየ። ውጤቱ በ2013 ወጣ። ሦስቱም አንድ ናቸው! የጠፋችው አልጠፋችም። የሊበኗም ራሷን የቻለች ዝርያ አይደለችም። አንዲት ወፍ ናት፣ ሁለት ሜዳ ላይ የቀረች።

በሳይንስ ስም አወጣጥ ሕግ ደግሞ ቀድሞ የወጣ ስም ይጸናል። 1920 ከ1975 ይቀድማል። ስለዚህ ዝርያዋ «አርቸሪ» ሆነች፣ «ሲዳሞኤንሲስ» የንዑስ ዝርያ ስም ሆኖ ቀረ። ነገሌ ላይ ይህን ለአንድ የአካባቢው ሽማግሌ በአስተርጓሚ ሳስረዳቸው፣ በትዕግሥት ሰሙኝና «እዚህ ያለችውን ወፍ፣ እዚያ ያልነበረ ሰው ስም ሰጣት ነው የምትለው?» አሉኝ። አዎ አባቴ፣ ነው የምለው።

እና ይህ ደስ ይላል ወይስ ያሳዝናል? እኔ ሁለቱንም ሆኛለሁ። አንድ ሜዳ ላይ ብቻ ከምትኖር ሁለት ቦታ መኖሯ ይሻላል። ግን የጅግጅጋውም ሜዳ እየታረሰ ነው፣ እዚያ ያሉትም ጥቂት ናቸው። ቀድሞ ሁለት ብርቅዬ ዝርያ ያልነው አንድ ሆነ፤ አንዱም አሁንም በአሳሳቢ አደጋ ላይ ካሉት ተርታ ነው። «ዝርያ ካልሆነች ለምን እንደክማለን?» ያለኝ አንድ የቢሮ ሰው አለ። የሊበኗ ወፍ በ2012 እና በ2014 መካከል ምን የተለወጠ ነገር አላት? ያው ጭንቅላት፣ ያው ጅራት፣ ያው ሳር ማጣት።

እህቴ፣ አየሁሽ፣ እጅሽን አየሁት። አምስት ደቂቃ ብቻ።

የዚህች ወፍ ዘመድ የት እንዳለ ታውቃላችሁ? «ሄቴሮሚራፍራ» የሚባለው የእሷ ጂነስ ውስጥ ከእሷ ሌላ አንድ ዝርያ ብቻ አለ፣ የራድ ላርክ። የምትኖረው ደቡብ አፍሪካ ደጋ ላይ፣ ቫከርስትሩም በሚባል አካባቢ ነው። መሃላቸው ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እንዴት ተለያዩ? ሳላን አስቡ። ሳላ አዋሽ ፓርክ አለ። የሳላ የቅርብ ዘመድ ናሚቢያና ካላሃሪ ነው ያለው። በመካከል ሰፊ እርጥብ አገር አለ፣ ሳላ የለበትም። በጥንት ደረቅ ዘመናት ከአፍሪካ ቀንድ እስከ ደቡብ የተያያዘ የሳርና የደረቅ ምድር መተላለፊያ ነበር ይላሉ ሊቃውንቱ። ዝናቡ ሲመለስ መንገዱ ተዘጋ። እህትማማቾቹ በሁለት ጫፍ ቀሩ።

አንድ ነገር ልጨምርና ልውረድ። ሊበን ላይ አሁን «ካሎ» አለ። ካሎ አዲስ ፈጠራ አይደለም፣ የቦረናዎች የቆየ ዘዴ ነው። የተወሰነ መሬት ይከለላል፣ በዝናብ ጊዜ ከብት አይገባበትም፣ ሳሩ ለበጋ ይቀመጣል፣ በተለይ ለጥጆች። የኢትዮጵያ ዱር እንስሳትና ተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርና ሌሎች ከማኅበረሰቡ ጋር ሆነው ቁጥቋጦ መንጥረው ሰፋፊ ካሎዎች አቋቁመዋል። እኔ ካሎው አጥር አጠገብ ቆሜ አይቼዋለሁ። በአጥሩ በዚህ ወገን መሬቱ የተላጨ ነው፣ ፍየል የላሰው። በዚያኛው ወገን ሳሩ ጉልበቴን ያልፋል። ያ ስለ ስሙ የተከራከሩኝ ሽማግሌ አብረውኝ ነበሩ። «ልጅ ሳለን ሜዳው ሁሉ እንዲህ ነበር፣ የተኛ ጥጃ አይታይም ነበር» አሉኝ። ከዚያ ወደ ባይኖኩላሬ እያዩ «ለመሆኑ ለዚህች ነው ከአዲስ አበባ የመጣኸው? ሥጋዋ ስንት ይሆናል?» አሉ። አስተርጓሚው እየሳቀ ነበር የተረጎመልኝ። ባይኖኩላሩን ሰጠኋቸው። ወንዱ ሳሩ ላይ ተነስቶ እየዘፈነ ነበር። እስኪወርድ ድረስ አልመለሱልኝም።

እሺ፣ እሺ፣ ጨርሻለሁ። ጥያቄ ካለ ሻይ ላይ እንነጋገር። ሊበንና ጅግጅጋ ሩቅ ናቸው፤ የኤርላንገር ላርክ ግን እዚሁ ሱሉልታ ናት፣ ቤትና መጋዘን ካልጨረሰባት ሜዳ ላይ። የፊታችን እሑድ እንሄዳለን። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እዚሁ በር ላይ እንገናኝ። ጤዛ ስላለ ቦት ጫማ አድርጉ። ባይኖኩላር የሌለው እንዳይቀር፣ እንዋዋሳለን። ስትራመዱ ደግሞ እግራችሁ ሥር እያያችሁ፤ ጎጆ ካገኛችሁ አትንኩ፣ ዝም ብላችሁ ለኔ ንገሩኝ። ምልክት ብላችሁ እንጨት እንዳትተክሉ።